የቱታንካሙን ሣጥን ይመለስለት

የጥንቷ ግብፅ ንጉሥ ቱታንካሙን ዛሬም በደቡብ ግብፅ፣ ሉክሶር ነው። የነገሥታት ሸለቆ ውስጥ፣ በተቀበረበት በዚያው መቃብር፣ መስታወት ውስጥ ተኝቷል። የሬሳ ሣጥኖቹ ግን ሦስቱም ጊዛ ናቸው፤ ፒራሚዶቹ አጠገብ በተሠራው በታላቁ የግብፅ ሙዚየም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ሙዚየሙ በይፋ ሲከፈት ወሬው ሁሉ የወርቁ ነበር። ሟቹን ያስታወሰው ጥቂት ነው።

ወርቁ አያስደንቅም አልልም። ሦስቱ ሣጥኖች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ሁለቱ ከእንጨት ተሠርተው በወርቅ የተለበጡ ሲሆኑ የውስጠኛው ግን ራሱ ወርቅ ነው፤ 110 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እኛ ሰው ሲሞት «አፈሩ ይቅለለው» እንላለን። በ19 ዓመቱ ገደማ የሞተውን ይህን ልጅ ግን ምን ያህል ጭነውበታል!

ለጉራ ብቻ አልነበረም። በጥንት ግብፆች እምነት የአማልክት ሥጋ ወርቅ፣ አጥንታቸው ብር ነው። ስለዚህ ንጉሡን ወርቅ ሲያለብሱት ሀብቱን ማሳየታቸው ሳይሆን አምላክ ሆነ ማለታቸው ነው። ሣጥኑ ላይ የተቀረጸው ንጉሥ ደረቱ ላይ ባጣመራቸው እጆቹ የያዛቸው የእረኛ በትርና ጅራፍ የኦሲሪስ ምልክቶች ናቸው። ኦሲሪስ በገዛ ወንድሙ የተገደለው፣ ሚስቱ ኢሲስ አካሉን ሰብስባ ያስነሳችው የሙታን ንጉሥ ነው። ኢሲስና እህቷ ኔፍቲስ በወርቁ ሣጥን ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ይታያሉ።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የሣጥኑ ስም ነው። ግሪኮች የድንጋዩን ሣጥን ሳርኮፋጎስ አሉት፤ «ሥጋ በላ» ማለት ነው። ግብፆች ደግሞ «ኔብ አንክ» ይሉት ነበር፤ የሕይወት ጌታ። ለእነሱ ሣጥን ማህፀን ነበር። የሰማይዋ አምላክ ኑት ማታ ፀሐይን ትውጣለች፣ ጠዋት መልሳ ትወልዳለች። ሟቹም ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ እናቱ ኑት እቅፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በፒራሚዶች ውስጥ በተቀረጹት ጥንታዊ የቀብር ጽሑፎች ሣጥን ራሱ የኑት አንዱ ስሟ ነው።

ከዚህ እቅፍ ያወጣነው እኛ ነን። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሆዋርድ ካርተር መቃብሩን ያገኘው በ1922 ነው። የወርቁን ሣጥን በ1925 ሲከፍተው ግን ለቀብሩ ሥርዓት የፈሰሰው ጥቁር ቅባት ደርቆ ሬሳውን ከወርቁ ጋር አጣብቆት ነበር። ፀሐይ ላይ አስጥተው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሰውነቱን ቆራርጠው አወጡት፤ ጭንቅላቱም ከአንገቱ ተለየ። ሬሳው በኋላ በውጪኛው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ወደ መቃብሩ ተመለሰ። በ2007 ወደ መስታወቱ ተዛወረ። በ2019 ደግሞ ሣጥኑም ለጥገና ወደ ጊዛ ሄደ።

ጥገናው አስፈላጊ ነበር፤ የወርቁ ልባስ እየተሰነጣጠቀ ነበር። የጎብኚው ትንፋሽና እርጥበት መቃብሩን እንደሚጎዳም የታወቀ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ የጎብኚውን ቁጥር መቀነስ አይደለም? ለሬሳው እርጥበቱን የሚቆጣጠር መስታወት ከተሠራ፣ ለሣጥኑ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

«የኑት አማኝ ዛሬ የለም፣ ማን ይቀየማል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሚቀየም የለም። ግን የሰው መቃብር የሚከበረው ዘመዶቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው እንዴ?

የምለው ስለ ወርቁ ሣጥን አይደለም። የውጪኛው ብቻ ይመለስ። መቃብሩ ሲከፈት ግንባሩ ላይ ትንሽ የአበባ ጉንጉን ተቀምጦበት የተገኘው እሱ ነው። ሦስት ሺህ ዓመት አልፎም አበባው ትንሽ ቀለም ነበረው። የቀሩት ሁለቱ ጊዛ ይቆዩ፤ ለጎብኚው ይበቃሉ።