ዜናው ጥያቄውን ያመጣል፣ መልሱ አዋጁ ላይ ነው

«ዜና የሚከታተል ሰው የሲቪል ሰርቪስ ፈተናን ዘና ብሎ ያልፋል» የሚለው ግማሹ ብቻ ነው እውነት። በ2017 የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጠው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ እዚህ ደሴ ፒያሳ ያለ ኮፒ ቤት «ወቅታዊ ጉዳዮች» የሚል ጥራዝ መሸጥ ጀመረ። ማን መረቀው፣ መቼ ተከፈተ፣ እሱን ሸምድድ ነው ነገሩ። ፈታኝ ግን እንዲህ አይጠይቅም። «ባለጉዳዩ በፊት አራት ቢሮ ይመላለስ ነበር፣ አሁን በአንድ መስኮት ይጨርሳል፤ በዋናነት የተሻሻለው የመልካም አስተዳደር መርህ የትኛው ነው?» ይልና ቅልጥፍናን፣ ግልጸኝነትን፣ ተጠያቂነትን፣ አሳታፊነትን ይደረድርልሃል። ሁሉም ልክ ይመስላሉ፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። የመሶብን ስም እንኳን ላይጠራው ይችላል። «ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው፣ የድሮ ሞጁል (የፈተና ማጥኛ ጥራዝ) ይበቃል» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው የኮምቦልቻው ልጅ፣ ሰው አታሳስት እንጂ ወንድሜ! የድሮው ሞጁል የተሠራው በ2010 በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ነው። እሱ ደግሞ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷል። የምትወዳደረው ለክልል መደብ ከሆነ የክልሉን አዋጅ ፈልግ። ያላረጀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ነው፦ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊም ሲያጠፋ ይጠየቅ ይላል። አንድ ሙስና ነክ ዜና ስታነብ ከዚህ አንቀጽ ጋር አያይዘው፤ ኮፒ ቤቱ ያንን አይሸጥልህም።