ፓሪስን በኪራይ ላመጡልን ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ዘመዴን ልጅ የሠርግ ዋዜማ ልናከብር ተጠርተን፣ ቪዛ ሳንጠይቅና ትኬት ሳንቆርጥ ፓሪስ ገብተን ተመለስን። የመጥሪያ ወረቀቱ «የፓሪስ ምሽት» ይላል፤ ከሥሩም «የሐበሻ ልብስ ከዲኮሩ ጋር ስለማይሄድ ባይለበስ» የሚል ትሑት ማሳሰቢያ ሰፍሮበት ስለነበር፣ ባለቤቴ ለዚሁ ቀን ያሠራችውን ቀሚስ አጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። እናንተም ዘንድሮ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ስለደረሳችሁ ነገሩን ማስረዳት አያስፈልገኝም። የእኔ ድርሻ ማመስገን ነው።

በመጀመሪያ ማማውን አዳራሽ ላስገባው ሰው ምስጋና ይድረሰው። በፓሪስ ያለው የኤፌል ማማ ቁመቱ 330 ሜትር ሲሆን፣ የእኛው ግን ጣሪያው አላሳልፍ ስላለው አንገቱን ሰብሮ እንግዳውን ሁሉ እጅ ሲነሣ አመሸ። የፓሪሱ ከመሸ በኋላ በየሰዓቱ ለአምስት ደቂቃ ብቻ 20,000 አምፖሎቹን ያብለጨልጫል፤ እኛ ዘንድ ግን ቁጠባ ነውር ስለሆነ የእኛው ያለ ዕረፍት ሲያብለጨልጭ፣ የሙሽራዋ አያት መብረቅ መስሏቸው ሲያማትቡ ነበር። የፓሪሱ ማማ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲመረቅ ከሃያ ዓመት በኋላ እንዲፈርስ ታስቦ እንደነበርና ከመፍረስ ያተረፈውም የሬዲዮ አንቴና ለመስቀል መመቸቱ እንደሆነ ለዲኮር ሠሪው አልነገርኩትም። በአንቴና ሥር ቃል ኪዳን መግባትም የራሱ ማዕረግ አለው።

ከማማው ጎን እያንዳንዱ እንግዳ የፍቅር ቁልፍ የሚቆልፍበት የሽቦ አጥር ተዘርግቷል። በፓሪስ ፖን ዴዛር በተባለው ድልድይ ላይ አፍቃሪዎች የቆለፉት ቁልፍ ከመብዛቱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2014 የድልድዩ መከለያ በከፊል ወድቆ፣ በማግሥቱ ዓመት ከተማው 45 ቶን የሚያህል ፍቅር ነቅሎ አስነሥቷል። የእኛው አጥር ከእራት በፊት ወደቀ።

የምሽቱ ዘውድ ግን ከቺፑድ የተሠራው ሰገነት ነው። ፕሮግራም መሪው የአንድ የፈረንሳይ ተውኔት ጀግና ጠርቶ «አሁን እንደ ሲራኖ!» ብሎ ሲያውጅ፣ ሙሽራዋ በመሰላል ወጥታ ከሰገነቱ ቆመች፤ ሙሽራውም ባለ ላባ ባርኔጣ ደፍቶ ከሥሯ ቆመ። ግጥሙን በቃሉ መያዝ ስላልቻለ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የተሸሸገ ጓደኛው በጆሮ ማዳመጫ ስንኝ በስንኝ ያቀብለዋል። ዲጄው ግን መስመሩን አምታትቶ ኖሮ፣ አዳራሹ ሁሉ አቀባዩንም ተቀባዩንም በእኩል ድምፅ መስማት ጀመረ። «ዓይኖችሽ እንደ ሴን ወንዝ ይፈሳሉ» አለ መጋረጃው፤ ሙሽራውም «ዓይኖችሽ እንደ ሴን ወንዝ ይፈሳሉ» አለ፤ አያትየው «ምን አስለቀሳት?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። «አትቸኩል፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርግ» አለ መጋረጃው። ሙሽራው የሰማውን ሁሉ እንዲደግም ስለታዘዘ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ሙሽራዋን «አትቸኩል፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርግ» አላት። ሙሽራዋ ግራ ተጋብታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እሷን አይደለም፣ አንተን ነው፤ ተንበርከክ!» አለ መጋረጃው በቁጣ። «እሷን አይደለም፣ አንተን ነው፤ ተንበርከክ!» አለ ሙሽራው በፍቅር። በዚህ ጊዜ ሙሽራዋ ተንበረከከች፣ ቺፑዱ ተንጫጫ፣ ሁለት ሚዜዎች ከሥር ገብተው በትከሻቸው ደገፉት፣ ቪዲዮ ቀራጩም «አልተያዘልኝም፣ ይደገም» አለ። ተደገመም።

ምርጫውን ሳስብ ደግሞ አድናቆቴ ይበልጥ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1897 በፓሪስ መድረክ የታየው የኤድሞን ሮስታን ተውኔት፣ ረጅም አፍንጫው ያሳፈረው ሲራኖ ለቆንጆው ክርስቲያን ቃላት እያበደረ፣ ራሱ የሚወዳትን ሮክሳንን ለሌላ የሚያሳጭበት ታሪክ ነው። ክርስቲያን እንዳገባ በዚያው ሌሊት ወደ ጦር ሜዳ ተልኮ ይሞታል፤ ሮክሳን ገዳም ትገባለች፤ ያፈቀረቻቸው ቃላት የማን እንደነበሩ የምታውቀውም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሲራኖ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ሽማግሌዎቻችን «እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ከማለት ያለፈ ምርቃት ስለማያውቁ፣ አንዱን ለሞት ሌላዋን ለምንኩስና የሚመርቅ አዋቂ በመገኘቱ ደስ ሊለን ይገባል። መጋረጃው ጀርባ ያለው ልጅ ግጥሙን ሲያነብ ድምፁ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ግን አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ላይ ምስጋናዬ ይቆማል። በበሩ ላይ ፊቱን ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ሰፊ ነጭ ልብስ አልብሰው፣ ፒየሮ ብለው ያቆሙት ልጅ ነበር፤ ፒየሮ በድሮው የፓሪስ መድረክ ፍቅረኛው ለሌላ የምትሄድበት ምስኪን ነው። ዕድሜው ከአሥራ አራት አይበልጥም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቆሞ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ወጥ ቤቱ ቢጠጋ «ለዲኮር ምግብ አልታሰበም» ብለው መለሱት። ሰው ነው፤ ልጅ ነው! በሠርግ ቤት ደጃፍ መንገደኛ ተጠርቶ በሚጎርስበት ሀገር፣ ልጅን ከአምፖል እኩል ቆጥሮ ማስራብ ነውር ነው፤ ይህን የሚሸፍን ፓሪስም ሮምም የለም። ባለቤቴ የራሷን ሳህን ወስዳ ሰጠችው፤ ሲበላ ቀለሙ ከከንፈሩ ዙሪያ ለቀቀ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ስንወጣ ማማው ከሁለት ታጥፎ አይሱዙ ላይ እየተጫነ ነበር። ሾፌሩን የት እንደሚወስደው ብጠይቀው «ነገ ለገሃር ሠርግ አለ» አለኝ። ለገሃር፣ ማለትም «ላ ጋር»፣ የባቡር ጣቢያው፤ ባቡሩ ጥሎልን የሄደው፣ ኪራይ የማንከፍልበት ብቸኛው ፈረንሳይኛችን።