እርማት፦ የደረጃው ዋልስ ለማን ተደረሰ?

ደሴ ላይ አብረን ካየነው ወዲህ ስለ ሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር ዎንግ ካር ዋይ ፊልም «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» (እ.ኤ.አ. 2000) የሰጣችሁትን አስተያየት በደስታ አንብቤያለሁ። አንድ ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው፦ የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው ሴት ፔርሙሷን አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወርድ የሚሰማው የቫዮሊን ዋልስ (በሦስት ምት የሚሄድ የዳንስ ሙዚቃ) ለእርምጃዋ ተብሎ የተደረሰ ነው የሚል።

አይደለም። ዜማውን ጃፓናዊው ሺጌሩ ኡሜባያሺ የደረሰው ለሴይጁን ሱዙኪ ፊልም ለ«ዩሜጂ» (እ.ኤ.አ. 1991) ነው። ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ ፊልሙ ሲያልቅ የሚያልፈውን ጽሑፍ ሳይዘጋ ይጠብቅ፤ ዜማው «የዩሜጂ ዜማ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዩሜጂ ደግሞ ጃፓናዊ ሠዓሊ እንጂ የዚህ ታሪክ ሰው አይደለም።

ስህተቱ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ዋልሱን «የልቧ ምት ምሳሌ» እያሉ የሚተረጉሙት ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነው፤ የዳይሬክተሩ ጆሮም ይረሳል። ሰውየው ያለቀለት ዜማ ወስዶ ምስሉን አዘገየለት። በአምባሰል ቅኝት ስንት ዓይነት ግጥም ሲዘፈን የሰማ ወሎዬ ይህ ሊገርመው አይገባም።

በተለይ ለዚህ ፊልም የተደረሰ ሙዚቃ የሚፈልግ ካለ የሙዚቃ ደራሲውን የማይክል ጋላሶን «የአንግኮር ዋት ዜማ» ያዳምጥ።