ለአንቲኦክሲደንት አርበኞቻችን የቀረበ ምስጋና

አገር ጀግኖቿን የምትለየው በክፉ ቀን ነው ይባላል። የእኛዎቹ፣ በሽታን ሁሉ በአንቲኦክሲደንት እንመክታለን የሚሉት፣ የተለዩት መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ጤና ሚኒስቴር የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱን የተናገረ ዕለት። ግማሹ ሰው ሳሙናና ጭምብል ፍለጋ ሲራወጥ እነሱ ቀጥ ብለው ወደ ገበያ ወረዱ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሎሚው ተጠርጎ ጠፋ፤ የተረፈውም ዋጋው ሰማይ ነካ። ቫይረሱ ከተማውን ገና በቅጡ ሳይለምድ ሰፈሩ ሁሉ በነጭ ሽንኩርት ታጠነ። "ተራርቃችሁ ቁሙ" የሚለው መመሪያ በደንብ የተከበረውም በዚያው ሰሞን ይመስለኛል። ሽታው ማንን ያስጠጋል?

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ትጥቅ ይፈታሉ ብሎ የጠበቀ ካለ አያውቃቸውም። እንዲያውም ዘመኑ። ድሮ "ለጉንፋን ጥሩ ነው" ይባል የነበረው ዝንጅብል ዛሬ "ኢሚዩኒቲ ቡስተር" (የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ከፍ አድራጊ) ተብሎ በብልቃጥ ይሸጣል፤ ዋጋውም እንደ ስሙ አድጓል። ቴሌግራሙ፣ ቲክቶኩ፣ የለቅሶው ድንኳን፣ የታክሲው ሰልፍ ሁሉ ክሊኒክ ሆኗል። ሐኪሞቹ ካርድ አውጣ አይሉህም። ደም ስጥ፣ ሽንት አምጣ፣ ለውጤት ከሰዓት ተመለስ የሚባል ነገር የለም። ገና ስታዛጋ "አንቲኦክሲደንት አንሶህ ነው" ይሉሃል። በምን አወቃችሁ? ፊትህን አይተው ነዋ! ስድስት ዓመት ሕክምና የተማረው ሰውዬ ይህን ችሎታ ሳያገኝ መመረቁ ያሳዝናል።

በሰፈራችን ካሉት አርበኞች ግንባር ቀደሟ አንዲት እናት ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሚያሰናዱትን ውህድ በዓይኔ ስላየሁ መመስከር እችላለሁ። ነጭ ሽንኩርት ሳይላጥ (ጉልበቱ ልጣጩ ላይ ነው ይላሉ)፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ ከነቅርፊቱ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከላይ ማር። ይህ ሁሉ ብሌንደር ውስጥ ገብቶ አንድ ይሆንና በሃይላንድ ተሞልቶ ፍሪጅ ይገባል። ሦስተኛው ቀን ላይ ክዳኑ ሲከፈት "ቱሽሽ" ይላል። መንፈስ አለው።

"እማማ፣ ምን ያህል ነው የሚጠጡት?"

"አንድ የቡና ሲኒ። በባዶ ሆድ።"

"ጨጓራዎትን አያቃጥልዎትም?"

"ያቃጥላል እንጂ! ካላቃጠለ መች ሠራ ይባላል?"

"እና ሲያቃጥልዎት ምን ያደርጋሉ?"

"ለእሱማ ተልባ አለኝ። ተልባም አንቲኦክሲደንት ነው፤ አንተ ልጅ፣ ምንም አታነብም እንዴ?"

ለውህዱ ሌላ ውህድ አላቸው ማለት ነው። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት መሰጠት ሲጀምር እኚሁ እናት ፈጽሞ አልወጋም አሉ። ምክንያታቸውም ጨዋ ነበር፦ "ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ሰውነቴ ውስጥ አላስገባም።" ይህን ሲሉ ሃይላንዱ በእጃቸው ነበር። ጥንቃቄ ማለት እንዲህ ነው።

ደግሞ ሳይንስ አያውቁም የሚል ሰው ካለ አፉን ይያዝ። ፍሪ ራዲካልን ከእነሱ በላይ የሚጠላ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነታችን ምግብን በኦክስጅን አቃጥሎ ኃይል ሲያወጣ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚቧጭሩ ቁጡ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ዴንሃም ሃርማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 የሚያስረጀን የእነዚህ ጉዳት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። አንቲኦክሲደንት ደግሞ እነዚህን ቁጡዎች ያበርዳል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም አለን። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አርበኞቻችን በትሕትና ይዘሉታል። ለምሳሌ ነጭ የደም ሴሎቻችን ጀርም ከሚገድሉባቸው መሣሪያዎች አንዱ ራሱ ይኸው ፍሪ ራዲካል ነው። ወታደሩን እያሞገሱ ጥይቱን ውሃ ውስጥ መንከር ሊሆን ነው እንግዲህ። ደግነቱ ሰውነት የራሱ ሚዛን ስላለው ጠዋት በተጠጣ አንድ ሲኒ ሎሚ ጦርነት አይሸነፍም። አይሸነፍም፤ ብዙውን ጊዜ አያሸንፍምም።

"ኢሚዩኒቲ ከፍ ማድረግ" የሚለውን መፈክራቸውንም ሳላደንቅ አላልፍም። ከፍ ብሎ፣ ከልክ አልፎ የተቆጣ ኢሚዩኒቲ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ግን አለርጂ ያለበትን ሰው ይጠይቅ። ወይም የገዛ ሰውነቱ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት የሚደበድብበትን የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ። እነዚህ ሰዎች ቡስት ተደርገዋል። ስለ ቡስቱ ሲጠየቁ ግን ብዙም ደስ ያላቸው አይመስሉም፤ ምስጋና ቢሶች!

አሁን ወደ ቫይታሚን ሲ እንምጣ፤ ያች ውሃ ውስጥ ስትገባ የምትፈላውን፣ አንድ ሺህ ሚሊግራም የሚል የተጻፈባትን። ለአንድ አዋቂ ወንድ በቀን የሚመከረው 90 ሚሊግራም፣ ለሴት 75 ነው። የተረፈውን ኩላሊት "አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም" ብሎ ያወርደዋል። ይህ በጀት ማባከን የሚመስለው ሰው አርቆ አያይም። እኔ በበኩሌ የቀበና ወንዝ ከጉንፋን ነጻ መሆኑ ቢታወጅ አይገርመኝም፤ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ሁሉ አስተማማኝ የቫይታሚን ሲ አቅርቦት ያለው እሱ ነው። ደግሞ ነገሩን የጀመረው ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። ላይነስ ፖሊንግ ሁለት ኖቤል ያገኘ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በኬሚስትሪ፣ ለ1962 ደግሞ የሰላም። ከ1970 ጀምሮ ቫይታሚን ሲን በግራም እየዋጣችሁ ጉንፋንን ተሰናበቱት ብሎ ሰበከ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎች በየቀኑ የሚወስደው ተራው ሰው እንደማንም ጉንፋን ይይዘዋል፤ በአዋቂዎች ላይ ሕመሙ የሚያጥረው 8 ከመቶ ገደማ ነው። ለአንድ ሳምንት ጉንፋን ሲሰላ ግማሽ ቀን ገደማ። ግማሽ ቀን ቀላል ነው እንዴ? ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብተህ ለሌላው ማጋባት ትችላለህ። (ፖሊንግ 93 ዓመት ኖሯል። ይህን የጻፍኩት እናንተ ሳትቀድሙኝ ነው።)

ነገር ያበላሹት ፊንላንዶች ናቸው። 29,133 አጫሽ ወንዶችን ሰብስበው ለከፊሎቹ ቤታ ካሮቲን በክኒን እየሰጡ ዓመታት ተከታተሏቸው። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርጋት፣ የአንቲኦክሲደንቶች ልዕልት የምትባለዋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካኖቹም ተመሳሳይ ሙከራ ጀምረው በ1996 ሳይጨርሱት አቆሙት። እዚህ ላይ ነው የአርበኞቻችን ብስለት የሚታየው። ጥናት ሲደግፋቸው "ፈረንጆቹ ራሳቸው አረጋግጠውታል" ይላሉ። ሲቃወማቸው ደግሞ "ፈረንጅ ስለኛ ባህል ምን ያውቃል?" ይሉሃል። በሁለቱም በኩል መርታት የሚቻልበት እንዲህ ያለ ክርክር ጠበቆችም አላገኙም።

የፈረንጅ ነገር ከተነሣ የሻንጣውን ነገር አንርሳ። ከዋሽንግተንና ከቨርጂኒያ የሚመጡ ዘመዶቻችን ለእናት ለአባት ብለው በትልቅ ዕቃ መልቲ ቫይታሚን፣ የአረንጓዴ ሻይ ካፕሱል፣ ስሙን ለመጥራት የሚያስቸግር የደረቀ ቀይ ፍሬ ይዘው ይገባሉ። ሲመለሱ ደግሞ ያው ሻንጣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድና በሶብላ ተጠቅጥቆበት ይሄዳል። እዚህ ያለው እዚያ ያለውን፣ እዚያ ያለው እዚህ ያለውን ያምናል። አትላንቲክን ያልተሻገረ ምግብ ኢሚዩኒቲ አያሳድግም ማለት ነው።

ሽፈራውን ካነሣን አይቀር የኮንሶ ሰው ጉድ ነው። ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅሎ፣ ከማሽላ በተሠራ ኩርኩፋ በልቶ ወደ እርከኑ ይወጣል፤ ያ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው ነው። ስንት ዘመን ሲበላው ኖሮ አንድም ቀን "ሱፐር ፉድ በላሁ" ብሎ አልለጠፈም! የከተማው አርበኛ ግን ያንኑ ቅጠል ተፈጭቶ፣ ካፕሱል ውስጥ ገብቶ፣ የፈገግታ ፎቶ ተለጥፎበት ሲመጣ ነው የሚያውቀው። በምግብነቱ ከቀረበለት ይከፋዋል። ጎመን መሰለው።

ጎመንም እኮ አሳዛኝ ነገር ነው። ጉልት ላይ ተነጥፎ፣ ውሃ እየተረጨበት፣ ማንም ሳያሞግሰው ይውላል። ከጎኑ ቀይ ስር፣ ካሮት፣ ቲማቲም። ዘይቱን በወራቱ በሳፋ ይመጣል፤ ቫይታሚን ሲው ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ነው፣ ግን የልጆች መክሰስ ተብሎ ቀርቷል። ጥሬ ቃሪያም በግራም ከግራም ቢመዘን ብርቱካንን በብዙ ያስከነዳል፤ ስለዚህ በጾም ከሽሮ ጋር አንድ ስንግ የገመጠ ሰው ሳያውቀው ቡስት ሆኖ ተነሥቷል። ሳያውቀው ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው? ፎቶ አላነሣውም። ቡናው ላይ ደግሞ ይበልጥ ያስቁኛል። አንዳንዱ አርበኛ "ካፌይን አቁሜያለሁ" ብሎ ረከቦት ሥር በኩራት ይቀመጥና አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ያሳልፋል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ የአንቲኦክሲደንት ካፕሱሉን ይውጣል። በተለያዩ አገሮች ሰው ከሚበላና ከሚጠጣው ሁሉ ብዙ አንቲኦክሲደንት ከሚያገኝባቸው ነገሮች ቀዳሚው ቡና መሆኑን የነገረው የለም። (እኔም አልነግረውም። ቡናው ይበቃናል። ብቻ እናንተ ከምግብ ላይ እንደተነሣችሁ አትጠጡ፤ የምግቡን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።)

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤትም አንድ ጊዜ ምግቦችን በአንቲኦክሲደንት ጉልበታቸው ደርድሮ ሰንጠረዥ አውጥቶ ነበር። ቅርንፉድ ከላይኞቹ አንዱ ነበር። ሻጮች ቁጥሩን እያነሡ ዕቃቸው ላይ ሲለጥፉት፣ በሙከራ ቱቦ ውስጥ የተለካው ቁጥር ሰው ሆድ ውስጥ ያንን ይሠራል ማለት አይደለም ብለው እ.ኤ.አ. በ2012 ሰንጠረዡን አነሡት። ሰንጠረዡ ተነሣ፤ ቁጥሩ ግን እኛ ቴሌግራም ላይ በሰላም ይኖራል። ስደተኛ መቀበል ባህላችን ነው።

ኢሚዩኒቲን የሚጠቅሙ ነገሮች የሉም እያልኩ አይደለም። አሉ፤ ችግራቸው ለወሬ አይመቹም። ክትባት አለ፤ የሕፃናቱ በየጤና ጣቢያው በነጻ ይሰጣል፤ ግን ማር አይገባበትም። እንቅልፍ አለ፤ ግን ስለ ኢሚዩኒቲ የሚያስረዱት ቪዲዮዎች የሚታዩት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ አለመተኛት ግድ ነው። እጅ መታጠብ አለ፤ እሱ የድሃ መድኃኒት ነው። ማጨስ ማቆምም አለ።

ለዚህ ለመጨረሻው አንድ ወጣት አርበኛ ጁስ ቤት አግኝቻለሁ። ሰሌዳው ላይ በቾክ "ኢሚዩኒቲ ስፔሻል" ተብሎ ተጽፏል፤ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ዝንጅብል፣ ከሥር አቮካዶ። ልጁ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት፣ አማሰለ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ሲጋራውን ለኮሰ። አንድ ጊዜ ከገለባው ይስባል፣ አንድ ጊዜ ከሲጋራው። አብሮት ያለው ጓደኛው "ወንድሜ፣ ሳንባህን አትፈራም?" አለው።

"ጭሱን ካሮቱ ያጥበዋል ባክህ።"

ብርጭቆው ባዶ ሲሆን አስተናጋጇን ጠራትና ሌላ አዘዘ። "ማታ ሺሻ አለብኝ፤ ዝንጅብሉን ጠንከር አድርጊው" አላት።