ስሙን ጠይቃችኋል?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ፊቱ ተስሎ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንዴት እንደምንሆን አስተውላችኋል? ጠጋ እንላለን። የተሰነጠቀ ከንፈሩን፣ ግንባሩ መስመር ውስጥ የገባውን አቧራ ሳይቀር እናያለን። "ዓይኑ እንዴት ይናገራል!" እንባባላለን። ስንወጣ በሩ ሥር እንደሱ ያለ ሰው ቁጭ ብሏል። ስልክ የምናይ መስለን እናልፈዋለን። ለሥዕሉ ግን ጊዜ ነበረን እኮ!

የባሰም አለ። የተኛ ሰው ላይ ስልክ ደግኖ ማንሳት። እናንተ አፋችሁን ከፍታችሁ በተኛችሁበት የማታውቁት ሰው ቢያነሳችሁ ዝም ትላላችሁ? እሱ ገበናውን የሚሸፍንበት በር የለውም። እኛ ደግሞ አሳዛኝ ሙዚቃ ጨምረንበት ላይክ እንለቅምበታለን። ይሄ ርኅራኄ አይደለም፣ ነውር ነው። እኔም እንዲህ ያለ ፎቶ ሼር አድርጌ አውቃለሁ። የሰውየውን ስም እስካሁን አላውቀውም።

ትልልቆቹም ይህን ስተዋል። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ድንኳን ሥር ከልጆቿ ጋር የተቀመጠች እናት አነሳች። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ለድንኳን ሰፈሩ ምግብ ላከ፤ ምግቡ ሲደርስ ግን እሷ ከዚያ ሄዳ ነበር። ላንግ ስሟን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው፣ ከ42 ዓመት በኋላ። ከፎቶው አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘችም ያኔ ተናገረች።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1630 የሠራውን ደግሞ እዩት። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ መዳብ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ነው። አንድ ለማኝ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጁን ዘርግቷል። ፊቱን ልብ ብላችሁ ስታዩት የሠዓሊው የራሱ ፊት ነው! ገና ወጣት ነበር። ለማኙን ከላይ ሆኖ አላየውም፤ እሱ ቦታ ላይ ራሱን አስቀመጠ።

ስለዚህ ሥዕል የምትሥሉም፣ ፎቶ የምታነሱም፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ዓይናችሁ ከዓይኑ ይስተካከል። ስሙን ጠይቁት፣ ፈቃዱንም። የሠራችሁትን መልሳችሁ አሳዩት፤ ከተሸጠም ድርሻውን ስጡት። እምቢ ካለ አታግባቡት፣ ተሰናበቱትና ሂዱ። ነገ በዚያ ስታልፉ ግን በስሙ ጥሩት።