የቄሱ ጥምጥምም የአይሁድ ነው

በቤተ እስራኤል (በኢትዮጵያ አይሁዶች) የስግድ በዓል ከኢየሩሳሌም የሚለቀቁ ፎቶዎችን ስናይ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ቄሶቹ ላይ ነው። ነጭ ጥምጥም አድርገው፣ በጃንጥላ ተከልለው፣ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ። አጠገባቸው የቆሙት የልጅ ልጆች ደግሞ በኪሮሽ የተሠራች ትንሽ ኪፓ አናታቸው ላይ አድርገዋል። ብዙ ሰው ዋናው የአይሁድ ራስ መሸፈኛ ኪፓው ነው፣ ጥምጥሙ የአገር ቤት ባህል ነው ብሎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ኦሪት ውስጥ "ኪፓ አድርጉ" የሚል ትእዛዝ የለም። ዘጸአት ምዕራፍ 28 ስለ ራስ መሸፈኛ የሚናገረው ለአሮንና ለልጆቹ ነው። የሊቀ ካህናቱም ከበፍታ የሚሠራ መጠምጠሚያ ነው። ለሌላው ሰው ልማዱ የመጣው የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ከሆነው ከታልሙድ መምህራን ነው። ራቭ ሁና የሚባል መምህር ራሱን ሳይሸፍን አራት ክንድ እንኳ አይራመድም ነበር ይባላል። ፈጣሪ ከራሱ በላይ አለና! ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን ታልሙድ ቤተ እስራኤል ዘንድ አልደረሰም፤ እነሱ የያዙት ኦሪትን ነው።

ደግሞስ እስራኤል ውስጥ አንድ ዓይነት መሸፈኛ ብቻ መቼ አለ? የኪሮሹን ኪፓ በብዛት የሚያደርጉት ሃይማኖተኛ ጽዮናውያን ናቸው። ሐረዲዎች፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ የሆኑት ሃይማኖተኞች፣ ጥቁር ከፈይ ይመርጣሉ። ከእነሱ ወገን ያገቡ ሐሲዳውያን በሰንበት ትልቅ የጸጉር ባርኔጣ ያደርጋሉ። ያገቡ ሃይማኖተኛ ሴቶችም አንዷ ሻሽ ታስራለች፣ ሌላዋ ዊግ ታደርጋለች። ይህ ሁሉ የአይሁድ ከሆነ የቄሱ ጥምጥም በምን ያንሳል?

እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ኪፓ ማድረግን እዚያ ለመዱ። በዚያው ጊዜ ረቢናቱ (የእስራኤል የአይሁድ ሃይማኖት ባለሥልጣን) የቄሶቹን የማጋባት ሥልጣን አልተቀበለም ነበር። ልጅ ይህን እያየ ሲያድግ የአያቱን ጥምጥም እንዴት ያከብራል? ቁስሉ ቀላል አይደለም።

የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ጥሩ ነው፤ ግን የአንድ ቀን ፎቶ አይበቃም። የራቭ ሁናን ታሪክ የሚያስተምር ክፍል ቄሱንም ይጋብዝ። ለምን እንደሚጠመጥሙ ራሳቸው ያስረዱ። አገር ቤት የተማሩት ቄሶች እያረጁ ነው፤ ይህ በዚህ ዓመት ቢጀመር ይሻላል።