ይድረስ ለክቡር የጥቆማ ሥነ ምግባር ደንብ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በእርስዎ ጥበቃ ሥር ያለን የፋብሪካ ሠራተኞች እጅግ ደህና ነን፤ ደህና አይደለንም ማለት ከአጀንዳ ውጪ ነውና። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እጄን ሳላወጣና ዕድል ሳይሰጠኝ ስለሆነ ጥፋቱ ከወዲሁ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ ሥራ አስፈጻሚ ሊመርጥ በመመገቢያ አዳራሻችን ተሰብስቦ እንደነበር ያስታውሳሉ። እንዴት አያስታውሱ! ከሁሉ ቀድመው የተገኙት እርስዎ ነበሩ። በአራት ገጽ ተባዝተው፣ የማኅበሩ ማኅተም አርፎብዎት፣ በየጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። የሒሳብ ሪፖርቱን ለማባዛት ወረቀት ጠፍቶ «በቃል ይቀርባል» በተባለበት ቀን ለእርስዎ ወረቀት አልታጣም። ከኪሳችን በየወሩ የሚቆረጠው መዋጮ ምን ላይ እንደዋለ ለሚጠይቅ ሰው፣ እነሆ፣ ቢያንስ አራት ገጹ ታውቋል።

የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበቡዎት። «ጠቋሚ የሚናገረው የተጠቋሚውን ሙሉ ስም፣ የሥራ ክፍልና የአገልግሎት ዘመን ብቻ ነው።» «ተጠቋሚን ማሞገስ፣ ሌላውን ማንኳሰስ፣ ማጨብጨብ፣ ማጉረምረም የተከለከለ ነው።» «ደጋፊ እጁን የሚያወጣው ደጋፊ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ ነው።» «ጣት መቀሰር ከስብሰባ ያስወጣል።» የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው በቅጡ ሳይተኙ የመጡት የሽመና ክፍል ልጆች ገና አንደኛው ገጽ ሳያልቅ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ማንኮራፋት ተዘንግቷል፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ቢካተት መልካም ነው።

ከዚያ የነባሩ ሊቀመንበር ጥቆማ መጣ። ከንብረት ክፍል አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ተነሡና የሰውየውን ስም ከመጥራታቸው በፊት ትሕትናውን፣ ታጋሽነቱን፣ ከአስተዳደሩ ጋር ያለውን መልካም ግንኙነት፣ በእሱ ብርታት ለበዓል የታደለንን ዘይት አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ሌላ ሰው ይህን ኃላፊነት ሊሸከም እንደማይችልም አከሉበት። ማሞገስም ማንኳሰስም በአንድ ትንፋሽ! ደወል አልተመታም። ከፊት ያሉት አጨበጨቡ፤ አሁንም ደወል የለም። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ጊዜ ለመቆጠብ ያህል እንደ ጥቆማ እንውሰደው» አሉ። ደጋፊ አለ ወይ ሳይባል የተዘረጋው እጅ ሁሉ ተቆጠረ። በዚያ ሰዓት እርስዎን በዓይኔ ፈለግኩዎት። ሰብሳቢው ፊት ነበሩ፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦብዎት።

ቀጥሎ እኔ ተነሣሁ። የምጠቁማትን ሴት ሙሉ ስም ጠራሁ። (ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።) የፈትል ክፍል ባልደረባ መሆኗን ተናገርኩ። የአገልግሎት ዘመኗን ተናገርኩ። «ባለፈው ክረምት ሰርቪስ ሲቋረጥብን…» ስል ደወሉ ተመታ። ደወል ስል ከወጥ ቤት የመጣ የብረት ትሪና ጭልፋ ማለቴ ነው። «ምክንያት መግለጽ ቅስቀሳ ነው!» አሉ ሰብሳቢው። እሺ ብዬ ምክንያቴን ዋጥኩ። ከኋላ የተቀመጡት የፈትል ክፍል ሴቶች ግን ምክንያቱን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበርና እጃቸውን አውጥተዋል። ብዙ እጅ ነው። የአንዳንዷ እጅጌ ላይ የጥጥ ብናኙ ገና አልተራገፈም።

ትሪው እንደገና ጮኸ። «ደጋፊ አለ ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ የወጣ እጅ አይቆጠርም። ሁላችሁም አውርዱ!»

አወረዱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚጠይቀው አሥር አባላትን ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ከፈትል ክፍል የወረደው እጅ ራሱን የቻለ ማኅበር ያቋቁም ነበር፤ አንዲት ዕጩ ለማስመዝገብ ግን በእርስዎ ዘንድ አልበቃም።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አሁን፣ ደጋፊ አለ?» በዚያው ቅጽበት ከፊት ረድፍ «በታዛቢነት» የተጋበዘው የሰው ሀብት አስተዳደር ባልደረባ ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ። ማስታወሻ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ። ያደረገው ይኸው ነው። አላጉረመረመም፣ አላጨበጨበም፣ ጣት አልቀሰረም፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እርስዎን የእሱን ያህል አክብሮ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ኮንትራታቸው በሚቀጥለው ወር የሚያበቃ ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ። አንድ የጥገና ክፍል ልጅ እስከ ጆሮው ድረስ አውጥቶ ነበር፤ ጆሮውን አክኮ መለሰው።

«ደጋፊ የለም። ጥቆማው ውድቅ ነው።»

«ይህ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ። በአፌ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር፤ በጣቴ ነው ተባለ። አራተኛው ገጽ ተገለጠ፣ አንቀጹ ተነበበ፣ ትሪው ተመታ። ቅጣቱም ተነገረኝ፦ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆሜ መከታተል፣ መድረኩን በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ካልጠየቅሁ ድምፅ አለመስጠት።

ጎልማሳ ሰው፣ የልጆች አባት፣ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነኝ። የማይዘጋው ቧንቧ ጫማዬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እጁን ሊታጠብ የሚመጣው ሁሉ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» እያለኝ ቆምኩ። የወጥ ቤቷ እናት መጥተው «ልጄ፣ ምን አጠፋህ?» አሉኝ። የተቀሙት ጭልፋ የሚመለስበትን ሰዓት ሊጠይቁ መጥተው ነው። ከዚያ የኮሚቴው ልጅ ማጉያውን አፌ ሥር ደቅኖ «መድረኩን በል» አለኝ። ማጉያው ሲጮህ አዳራሹ ሁሉ ጆሮውን ያዘ። «መድረኩን… ይቅርታ እጠይቃለሁ።» «ደግመህ፣ አልተሰማም።» ደገምኩ። የጠቆምኳት ሴት ከመቀመጫዋ «ወንድሜ፣ ተው በቃህ» ብትለኝ፣ ሳይፈቀድላት በመናገሯ እሷም ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

አሁን ንገረኝ፣ አንተ ደንብ! «አንተ» ማለትን የሚከለክል ንዑስ አንቀጽ ካለህ ቁጠርብኝ። በአራት ገጽ ሙሉ የሠራተኛን ጣት፣ የሠራተኛን ጉሮሮ፣ የሠራተኛን መዳፍ ስትለካ ስለዚያ እስክሪብቶ አንድ መስመር እንዴት አጣህ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ በአንቀጽ 14 አሠሪ በማኅበር ምርጫ ሠራተኛው ለአንድ ዕጩ ድምፅ እንዲሰጥ ወይም እንዳይሰጥ ማስገደድን ሕገ ወጥ ብሎታል። በአዲስ ቋንቋ አልተጻፈም፤ በአማርኛ ነው። «አላስገደደም፣ እስክሪብቶ ነው የከፈተው» ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የሰርቪሱን አቤቱታ የፈረሙ ልጆች ኮንትራታቸው ሳይታደስ ሲቀር ስማቸው ከየት ተገኘ? ያ ሰው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው በማን ግብዣ ነው? ከእኛ መዋጮ የታተመ ደንብ እኛን ከፊቱ ሲያስጎነብስ አያፍርም? እነዚያ ሴቶች እኮ አልፈሩም ነበር! አንድ ጊዜ አውጥተው ነበር፤ አንተ ነህ አስወርደህ፣ ስማቸው እስኪጻፍ ጊዜ የሰጠኸው!

ወደ ሥነ ሥርዓቱ ልመለስ፣ ክቡር ሆይ።

ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 የሠራተኛ ማኅበራት የራሳቸውን ደንብ የማውጣትና ተወካዮቻቸውን በሙሉ ነፃነት የመምረጥ መብት አላቸው ይላል። የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። ደንብ የማውጣቱን እናንተ ወሰዳችሁ፤ «በሙሉ ነፃነት» የሚለው የቀረው ምናልባት ሁለቱ ቃላት ከተፈቀደው የንግግር ጊዜ በላይ ሆነው ይሆናል። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መገባደጃ ላይ ኮንፌዴሬሽኑ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ እርስዎ ከመድረኩ አለመኖርዎ ያሳዝናል። «የደመወዝና የጡረታ ጥያቄ ከአጀንዳ ውጪ ነው፤ መጀመሪያ እጅ ይውጣ» ብለው ትሪውን ቢመቱ ኖሮ የአገሪቱ ታሪክ በጨዋነት ባለፈ ነበር። ደርግ ያንን ኮንፌዴሬሽን አፍርሶ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን ሲተካ ግን እርስዎን የሚያስከብር ዘመን መጣ፤ መስመሩ ከላይ ሲወርድ ከታች የሚያጉረመርም አይበዛም።

በነገራችን ላይ፣ ደንብ አልጠላም። በማኅበራችን የቀድሞ ጉባኤዎች ደንብ አጥተን የተቧቀስንባቸው ነበሩ፤ ወንበር የተወራወርንበትን ያየ ሰው ተራ ጠብቆ መናገርን ይወዳል። የማልወደው የእርስዎን ወንፊት ነው፤ ድንጋዩን አሳልፎ ጤፉን ያስቀራል።

የቆየ ቂም ላለማብዛት ጥቂቱን ብቻ ላንሣ። ባለፈው ምርጫ ለዕጩነት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጠይቀው፣ በማግስቱ የጀርባው ቀለም ነጭ ካልሆነ ብለው መልሰውናል። ከዚያ በፊት ከቅርብ አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ አስጠይቀዋል፤ አለቃን የሚከስስ ተወካይ ለመሆን የአለቃ ፈቃድ! የጥቆማ ቅጹን ከጽሕፈት ቤት ለመውሰድ የተሰለፍንበት ምሳ ሰዓት አልቆ ደሞዛችን የተቆረጠበትንም አልረሳነውም። ቀበሌ ሄዶ «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው» የተባለ ሁሉ ቀሪውን ያውቀዋል።

ከጥቆማው በኋላ ስለሆነው ብዙ የሚባል የለም። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ ሲቃረብ ሾፌሩ የሰርቪሱን ጥሩምባ ነፋ። ቤቱ ሩቅ የሆነ፣ ልጅ ጎረቤት ጋር ያስቀመጠች፣ ሁለት ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ቦርሳውን አነሣ። «ጊዜ ስለሌለ በአንድ ጊዜ እንወስን፤ የሚቃወም?» ተባለ። ግማሹ በር ላይ ደርሷል። «ድምፀ ተዓቅቦ?» አልኩ እኔ፣ እጄን በደንቡ መሠረት አውጥቼ። አልታየሁም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተመረጡ፤ ምርጫው ፍጹም ሥነ ምግባር በተሞላበት ሁኔታ ተጠናቀቀ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤዋለሁ። በዚያው ቃለ ጉባኤ ከስሜ ጎን «በአመለካከት ችግር ምክንያት ተገሥጿል» ይላል። አመለካከቴ የተመዘነው በየትኛው ሚዛን እንደሆነ አልተገለጸም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ማሻሻያ አቀርባለሁ። አጭር ነው፤ የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም። አንደኛ፣ የአሠሪው ሰው ጥቆማና ምርጫ ሲካሄድ ከአዳራሹ ይውጣ፤ ሻዩን ውጭ ይጠጣ። ሁለተኛ፣ ድምፅ በምስጢር ወረቀት ይሰጥ፤ ለአራት ገጽ የተገኘው ወረቀት ለዚህም ይገኛል። ሦስተኛ፣ ጠቋሚ ምክንያቱን ይናገር፤ ሰው የሚጠቆመው በምክንያት ነው። አራተኛ፣ የወጥ ቤቷ ጭልፋ ይመለስላት።

መተዳደሪያ ደንባችን አባላት በፊርማቸው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት እንደሚችሉ ይላል፤ እኛም ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረናል። ወረቀት ስላልነበረን የተጠቀምነው ከየጠረጴዛው ላይ ያነሣናቸውን የእርስዎን ቅጂዎች ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ መታተምዎ ጀርባዎን ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት አድርጎታል። ወረቀቱ የሚዞረው በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት፣ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው። የፈትል ክፍል ሴቶች ከሁሉ ቀድመው ፈርመዋል፤ ኮንትራታቸው ሊያበቃ የተቃረበውም ጭምር። እስከ ትናንት ማታ ሦስተኛው ገጽዎ ሞልቶ አራተኛው ተጀምሯል። ማንም ዕድል ይሰጠኝ አላለም።

ከማይጣስ አክብሮት ጋር፣
በአመለካከት ችግር የተገሠጸው አባል